ና ብዬው ና አለኝ

ወንበሩ ዛሬም ይጮኻል። አልቀየርኩትም። ስለ ወንበሩ የምትጽፉልኝ ሰዎች፣ እሱን ትታችሁ እኔን ስሙኝ።

እሺ። እነዚያ ጓደኞቼ ጋ ሄጄ ነበር። እሷ የፋርሲ ተናጋሪዋ፣ ባሏ ደግሞ የኛው ሰው፣ "እ" ብቻ ብሎ መልዕክት የሚልከው። ትንሹ ልጃቸው ኳስ አቅፎ በር ላይ ቆሟል። እጄን ዘርግቼ "ና!" አልኩት።

አየኝ። ኳሱን ጠበቅ አደረገ። ከዚያ ረጋ ብሎ፣ "ና" አለኝ።

ታሪኩ በቃ ይሄው ነው። ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። በፋርሲ "ና" ማለት "አይ፣ አይሆንም" ነው። እናቱ ሳቀች፣ "እምቢ አለህ" ብላ። አባቱ ደግሞ "ኧረ እየጠራህ ነው፣ ሂድለት" አለኝ። እና የትኛው ነው? ወይም ደግሞ ሕፃን ነውና የራሴን ቃል ዝም ብሎ መልሶልኝ ይሆናል። ፊቱን ደጋግሜ አስበዋለሁ። አልተቆጣም። አልሳቀም። ኳሱን ግን አልለቀቀም። ኳስ እንደዚያ ጭምቅ አድርጎ የያዘ ሰው ሌላ ሰው ይጠራል? ደግሞስ ለምን አይጠራም፣ "ና እንጫወት" ብሎስ ቢሆን? እኔ ባለሁበት ቆምኩ፣ እሱም ባለበት። ከዚያ እናቱ ልብስ ልትቀይርለት ወሰደችው። አለቀ።

ቤት ገብቼ ምን አደረግኩ? መዝገበ ቃላት። (ሳቅ) ታውቁኛላችሁ። ራሺያኛ ላይ "ና" ማለት "ላይ" ነው። ዕቃ እያቀበሉህ "ና" ካሉህ ደግሞ "እንካ" ነው። እንካ! እኛ ጋ ሰውየው ይመጣል፣ እነሱ ጋ ዕቃው ይሄዳል። ማንዳሪን ላይ እንደ ዜማው "ያ"ም፣ "የትኛው"ም፣ "መያዝ"ም ይሆናል። ጃፓንኛ፣ "ስም"። ታይኛ፣ የሩዝ ማሳ። ስዋሂሊ ላይ ግን ቆምኩ። "ባባ ና ማማ"፣ አባትና እናት። የኛ "ና" ከቃሉ ጫፍ ተለጥፎ የሚሠራውን፣ የእነሱ መሃል ላይ ቆሞ ይሠራዋል። ዝምድና የላቸውም እኮ፤ ስዋሂሊ ባንቱ ነው፣ አማርኛ ሴማዊ። በዓለም ሰባት ሺህ ገደማ ቋንቋ አለ። እንደ "ና" ያለ አጭር ድምፅ ደግሞ ከየት ይመጣል፣ ጥቂት ነው፤ መገጣጠሙ አይቀርም። ጆርጂያኛ ላይ "ማማ" አባት ነው፣ ታምናላችሁ? አባት! እናትየዋ "ዴዳ" ናት። እሱ ለብቻው አንድ ክፍል ይወጣዋል።

የኛው "ና" ራሱ ግራ ነው። "መጣ" አለ፣ "ይመጣል" አለ፤ ልትጠራው ስትል "ምጣ" የለም። የማይመስለው ሌላ ቃል ከጎን ይገባል። "አትምጣ" ስትል ደግሞ ያ የጠፋው "ምጣ" ብቅ ይላል። ለማስቀረት ሲሆን! ዐረቦችም ለመጣ "ጃአ" ይሉና ሲጠሩ "ተዓል" ነው። ግሪኮችም "ኤላ" ይላሉ፣ እሱም ከሌላ ሥር። ሰው የሚጠራ ሰው ሰዋስው ትዝ አይለውም መሰለኝ። ወይም... እንጃ፣ ይሄ ማሳመር ነው፣ ተዉት።

አባቴ በስማችን አይጠራንም ነበር። "ና" ብቻ። ማናችንን እንደሆነ ከድምፁ እናውቃለን። ሲቆጣም "ና"፣ ሊያቅፍም "ና"። ጠብ ላይም "ወንድ ከሆንክ ና!" ይባል የለ፣ ያው ቃል ነው። አንዳንዴ ሳይለይልን ሁላችንም እንነሳለን፣ እሱም ማንን ፈልጎ እንደነበር ይጠፋዋል፣ ከዚያ... እሺ። ማይክ የከፈትኩት ይሄን ለማውራት አልነበረም።

ልጁን ግን በሚቀጥለው ምን ልበለው? በስሙ ብቻ ልጠራው ነበር። ከዚያ ደግሞ ለምን? "ና" የአባቱም ቋንቋ ነው። በአንቱታ "ይምጡ" ልበለው ይሆን? (ሳቅ) "ይምጡ" ላይ "መጣ" ተመልሶ መጣ፣ አያችሁ? ለትልቅ ሰው ሲሆን ሥርዓቱ ይጠበቃል፣ ለልጅ ሲሆን ግን... ቆይ፣ "ኑ"ስ? "ኑ" ደግሞ ራሺያኛ ላይ... አይ። እሱን ዛሬ አልከፍተውም።