ከመጨረሻው ቀን የሚጀምር ዕቅድ፦ ክሪስታል ፍለጋ ወደ ናሚቢያ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነው የማወራው። ወሬው ስለ ድንጋይ ነው፤ ወደ ደቡባዊ አፍሪካ ሄዶ የማዕድን ናሙና ስለ መሰብሰብ። ደቡባዊ አፍሪካ ስል ደቡብ አፍሪካ የምትባለውን አገር ብቻ ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም ዛሬ ብዙውን ጊዜ የምንቆየው ናሚቢያ ላይ ነው።

እንዲህ ያለ ጉዞ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው መዶሻ ነው። እኔ መዶሻው መጨረሻ ይምጣ ባይ ነኝ። መጀመሪያ የሚታሰበው ከአገሩ የምትወጡበት ቀን ነው። በናሚቢያ በ1992 በወጣው የማዕድን ሕግ መሠረት ማዕድን ከአገር ለማውጣት ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱን የሚሰጠው ዋና ከተማው ዊንድሁክ ያለው የማዕድን ሚኒስቴር ነው፤ መሥሪያ ቤት ነውና ቅዳሜና እሁድ ዝግ ነው። ዓርብ ማታ ዊንድሁክ ገብቶ እሁድ የሚበር ሰው ሻንጣ ሙሉ ድንጋይ ይዞ የተዘጋ በር ፊት ይቆማል ማለት ነው። ስለዚህ ቢያንስ የመጨረሻዎቹን ሁለት የሥራ ቀናት ለወረቀት ተዉና ከዚያ ወደ ኋላ እየቆጠራችሁ አቅዱ።

ወረቀቱ ደግሞ ዊንድሁክ ላይ አይጀመርም። ምን እንደያዛችሁ፣ ስንት ኪሎ እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚያወጣ፣ ከየት እንደመጣ በዝርዝር መናገር መቻል አለባችሁ። በየምሽቱ ከራት በፊት ደብተር አውጡ፤ ለእያንዳንዱ ናሙና ቁጥር፣ ስም፣ ክብደት፣ የተከፈለ ዋጋ፣ የተገኘበት ቦታ። ባዶ የደረሰኝ ደብተርም ያዙ፤ የመንገድ ዳር ሻጭ ደረሰኝ ስለማይኖረው እናንተ ጻፉለት፣ እሱ ይፈርም። ለአንድ ቀን ከተዘለለ በማግስቱ የትኛው ከየት እንደመጣ ይምታታል፤ ቦታው የማይታወቅ ናሙና ደግሞ ሰብሳቢ ዘንድ ከጌጥ ድንጋይ አያልፍም።

መቆፈሩስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቅር ይለዋል። በናሚቢያ የአነስተኛ ማዕድን ይዞታ የሚመዘገበው በዜጎች ስም ነው። መሬቱም ወይ የእርሻ ባለቤት አለው፣ ወይ የጋራ ይዞታ ነው፣ ወይ ጥብቅ ቦታ ነው። ብራንድበርግ ተራራ ለምሳሌ ብሔራዊ ቅርስ ነው፣ ከዚያ ጠጠር አይነሳም። ስለዚህ ጎብኚ በዋናነት ይገዛል፤ ባለይዞታው ከፈቀደለት ደግሞ ተቆፍሮ የተጣለውን ክምር ይፈትሻል። ያም ቀላል ነገር አይደለም፤ ቆፋሪው ትልልቁን ሲፈልግ የጣለው ትንንሽ ክሪስታል እዚያ ነው የሚገኘው። ክምሩ ላይ ድንጋይ ስትገለብጡ ከወዲያኛው ጠርዝ ይዛችሁ ወደ ራሳችሁ ሳቡት፤ እባብ ካለ በሩ ከእናንተ በተቃራኒው በኩል ይከፈትለታል። ጉድጓዶቹ ውስጥ ግን አትግቡ፣ ጣሪያቸው ድጋፍ የለውም።

ቦታዎቹ ከዋናው መንገድ ብዙ አይርቁም። ከዊንድሁክ በኦካሃንጃና በካሪቢብ አድርጋችሁ ወደ ኡሳኮስ 210 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ነው። ከኡሳኮስ በስተ ሰሜን የኤሮንጎ ተራሮች አሉ፤ አኳማሪን፣ ሾርል የሚባለው ጥቁር ቱርማሊንና ፍሎራይት የሚወጣበት። ግራናይቱ ቀልጦ ሳለ ወደ ነባሩ ድንጋይ ውስጥ የገባው ከ130 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ አፍሪካና ደቡብ አሜሪካ መላቀቅ ሲጀምሩ ነው፤ በድንጋዩ ክፍተቶች ውስጥ የቀረው ቦሮን የበዛበት ፈሳሽ ነው ሾርሉን ያሳደገው። ከኡሳኮስ ወደ ስዋኮፕሙንድ ስትወርዱ፣ ወደ ሽፒትስኮፔ ተራራ መታጠፊያ አካባቢ፣ ቆፋሪዎቹ ራሳቸው የሚሸጡበት ኡይባ ኦአስ የሚባል የክሪስታል ገበያ አለ። የሽፒትስኮፔ ዝና ቀለም የሌለው ቶፓዝ ነው። በኡይስ ከተማ በኩል ደግሞ የጎቦቦሴብ ተራሮች አሜቲስትና ጭስማ ኳርትዝ ይገኛል።

የገንዘብ ነገር፦ ጥሬ ገንዘብ፣ ያውም በዝርዝር። የደቡብ አፍሪካ ራንድ ናሚቢያ ውስጥ አንድ ለአንድ ይሠራል፤ የናሚቢያ ዶላር ግን ድንበር ከተሻገረ አይሠራምና ከመውጣታችሁ በፊት ጨርሱት። ተከራከሩ፣ ግን ያ ድንጋይ በመሮና በመዶሻ ከግራናይት ተፈልቅቆ እንደመጣ አትርሱ።

ስትገዙ ሦስት ነገር ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር፤ አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር፣ የአልትራቫዮሌት ባትሪና የኪስ ሚዛን። በሽፒትስኮፔ ቶፓዝ ተብሎ ኳርትዝ ወይም ብርጭቆ ሊቀርብላችሁ ይችላል። ሚዛኑ ላይ ውሃ ያለበት ኩባያ አስቀምጡና ንባቡን ወደ ዜሮ መልሱ። ድንጋዩን በክር አስራችሁ ውሃው ውስጥ አጥልቁት፤ ታቹንና ጎኑን እንዳይነካ። ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር የድንጋዩ መጠን ነው። የድንጋዩን ክብደት በዚያ ቁጥር አካፍሉ፤ የሚወጣው የድንጋዩ እፍጋት ነው። 7 ግራም የሚመዝን ድንጋይ 2 ካሳየ ውጤቱ 3.5 ነው፤ ቶፓዝ እዚያ ላይ ነው። ኳርትዝ 2.65 አካባቢ ይወጣል። ሌላ ድንጋይ የተጣበቀበት ከሆነ ግን ልኬቱ ያሳስታል። ብርጭቆን አንዳንዴ በውስጡ ያሉት ክብ አረፋዎች ያጋልጡታል።

የኤሮንጎው ማታለያ ሌላ ነው። አኳማሪኑም እውነተኛ፣ ሾርሉም እውነተኛ፣ አንድ ላይ ያደረጋቸው ግን ሙጫ ነው። ጨለማ ፈልጋችሁ የአልትራቫዮሌት ብርሃን መጋጠሚያው ላይ አብሩ፤ ብዙ ሙጫ ነጣ ያለ ሰማያዊ ያበራል። ደማቅ አረንጓዴ ብርሃን ካያችሁ ግን አትደንግጡ። ያ ሃያላይት ነው፣ መስታወት መሳይ ኦፓል፤ ብርሃኑ በውስጡ ካለው እጅግ ጥቂት ዩራኒየም የሚመጣ ነው። የእኛን የደላንታ ኦፓል የለመደ ሰው ውሃ ይመጥ እንደሆነ ሊሞክር ይችላል፤ ይሄኛው አይመጥም።

መንገዱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከእባቡም ከቆፋሪው ጉድጓድም በላይ የሚያሰጋው እሱ ነው። የሚነዳው በግራ ነው። ከአስፋልት ስትወጡ ፒስታ ነው፣ ጥሩ ይመስላል፣ ፍጥነት ያስጨምራል። ከ80 በላይ አትንዱ። ጠጠር ላይ መኪናው ሲንሸራተት ሰው በደመ ነፍስ ፍሬን ይረግጣል፣ መሪ ይጠመዝዛል፣ መኪናው ይገለበጣል። እግርን ከነዳጅ ማንሳት ብቻ ነው የሚያዋጣው። የጎማውን ግፊት ለፒስታ ወደ 1.8 ባር፣ ለደረቅ ወንዝ አሸዋ ወደ 1.5 አውርዱ፤ አስፋልት ስትገቡ መልሳችሁ ንፉት፣ ካልሆነ ጎማው ይግላል። ስለዚህ መንፊያ ያስፈልጋል፣ ስኮርታም ሁለት። ክሪኩ ለስላሳ መሬት ውስጥ እንዳይሰምጥ ከሥሩ የሚደረግ ጠፍጣፋ ጣውላም አትርሱ። ውሃ ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር። ወቅቱ ከግንቦት እስከ መስከረም ይሁን፤ ቀኑ ይቻላል፣ ሌሊቱ ግን ብርድ ነው። ከኢትዮጵያ የምትነሱ የቢጫ ወባ ካርዳችሁን ያዙ።

ጹመብ የምትባለውን የሰሜን ናሚቢያ ከተማ በአጭሩ፦ ማዕድን ማውጫው በ1996 ተዘግቷል፤ ከ300 በላይ የማዕድን ዓይነት የወጣበት ቦታ ነው። ዛሬ የሚኬደው ለከተማው ሙዚየም ነው። ከዚያ የመጣ አሮጌ ናሙና ከገዛችሁ ብዙዎቹ አርሴኒክ ወይም እርሳስ ስላለባቸው ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን ታጠቡ።

ወደ ደቡብ አፍሪካ በኖርዱቨር የድንበር ኬላ በኩል ለመሻገር ያሰበ፣ ከመኪና አከራዩ የድንበር ማለፊያ ደብዳቤ አስቀድሞ ይጠይቅ። ኖርዘርን ኬፕ በሚባለው የደቡብ አፍሪካ ክፍለ ሀገር ውስጥ የሪምቫስማክ አረንጓዴ ፍሎራይት አለ፤ ሆታዜል አካባቢ ካሉት የማንጋኒዝ ማውጫዎች ደግሞ ቀዩ ሮዶክሮሳይት ይመጣል፣ ግን ማውጫዎቹ በሥራ ላይ ስለሆኑ ከነጋዴ ነው የሚገዛው። በፕሪስካና በኩሩማን በኩል ክር መሳይ ሰማያዊ ጭረት ያለው ድንጋይ ብታገኙ አትስበሩት፤ አስቤስቶስ ነው፣ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ይቀራል። ያልተሞረደ አልማዝ በርካሽ የሚያቀርብ ካጋጠማችሁ እጃችሁን ሳትዘረጉ ሂዱ፤ በሁለቱም አገር ያለ ፈቃድ መያዙ ራሱ ወንጀል ነው። ከሰማይ የወደቀ ድንጋይም በቅርስ ሕግ የተጠበቀ ነው።

ማሸጉ የሚጀመረው በገዛችሁበት ቀን ነው። ፍሎራይት ድንገተኛ ሙቀትና ቅዝቃዜ ይሰነጥቀዋል፣ አሜቲስት ፀሐይ ላይ ሲቆይ ቀለሙ ሊደበዝዝ ይችላል፤ ሁለቱንም ከመኪናው መስኮት አርቁ። ጠንካራውን በሶፍት፣ ከዚያ በጋዜጣ ጠቅልሉ። መርፌ መሳይ ክሪስታል ያለበትን ግን አትጠቅልሉት፤ መሠረቱን ሳጥን ውስጥ አጣብቃችሁ ጫፎቹ ምንም እንዳይነኩ አድርጉ። ሳጥኑን ዘግታችሁ ነቅንቁት፤ ድምፅ ከሰማችሁ ክፈቱና እንደገና ጀምሩ። መዶሻና መሮ ወደ ሚጫነው ሻንጣ፣ የሊቲየም ባትሪ ወደ እጅ ሻንጣ። የፈቃዱን ቅጂና ቁጥር የተጻፈበትን ዝርዝር ከሁሉም በላይ አስቀምጡት፤ ፈታሹ ሻንጣውን ሲከፍት መጀመሪያ ወረቀቱን ካየ ሁሉንም ጥቅል አይፈታውም ይሆናል።