ቁምሳጥኑ ይከፈት፦ በቤተ መጻሕፍት ምረቃ ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር፣ የወላጅ መምህራን ኅብረት አባላት፣ የደብረ ብርሃንን ብርድ ችላችሁ በማለዳ የመጣችሁ ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ልጆቼ፤ እንደምን አደራችሁ።

ለግድግዳው ድንጋይ ያቀረባችሁ፣ መደርደሪያውን በነጻ የሠራችሁ አናጺዎች፣ ከያላችሁበት መጻሕፍት ሰብስባችሁ የላካችሁ የቀድሞ ተማሪዎቻችን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ይህ ግቢ 34 ዓመት አማርኛ ያስተማርኩበት ስለሆነ ከምስጋና በላይ የመናገር መብት አለኝ ብዬ አምናለሁ። የመጣሁት ስለ አንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ ልነግራችሁ ነው።

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት አንዲት ጎረቤቴ ልጇን እጁን ይዛ መጣች። ልጁ የሚማረው እዚህ አይደለም። «እትዬ፣ ይህ ልጅ ፊደል ይቆጥራል እንጂ አያነብም፤ መጽሐፍ ሲያይ ሆዱን ያመዋል» አለችኝ። በሳምንት ሦስት ቀን መሸት ሲል ይመጣ ጀመር። እኔም እንደ ልማዴ የመማሪያ መጽሐፉን ገልጬ «ምንባብ አንድ፣ አንብብ» አልኩት። ውኃ ይጠማዋል። የጫማው ማሰሪያ ይፈታል። እናቱ የጠራችው ይመስለዋል። አንድ ወር ሙሉ እንዲህ አለፈ።

የክፍል መምህሩን ሳነጋግር ግን «እሱ? ደህና አድርጎ ያነባል» አሉኝ። ግራ ገባኝ። ምስጢሩን በኋላ ልጁ ራሱ ነገረኝ። ምንባብ በየተራ ሲነበብ ከፊቱ የተቀመጡትን ልጆች ይቆጥርና የምትደርሰው አንቀጽ የትኛዋ እንደሆነች ያውቃል። አጠገቡ ያለውን ጓደኛውን በሹክሹክታ ያስነብብና አንቀጿን በቃሉ ይይዛታል። ተራው ሲደርስ ዓይኑን መጽሐፉ ላይ ተክሎ ይወጣታል። ይህን ሁሉ ብልሃት የሚያወጣ ልጅ ሰነፍ ነው ትሉኛላችሁ?

ፍርሃቱ የጀመረው 5ኛ ክፍል ሳለ ነው። «ልጁ ገና አልመጣም» የሚል ዓረፍተ ነገር ደረሰው። «ገና»ን አጥብቆ፣ የበዓሉን ገና አድርጎ አነበበው። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። መምህሩም አብረው ሳቁ፤ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅም አቆሙት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጆቹ ስሙን ትተው «ገና» ይሉት ጀመር። ሁለት ዓመት ሙሉ!

እዚህ ላይ መምህራን ስሙኝ። 33ቱ ፊደላችን በሰባት ሲባዛ 231 ቅርጽ ይሆናል፤ ማጥበቅና ማላላቱን ግን አይጽፍልንም። «ገና» ይጥበቅ ወይስ ይላላ፣ «ዋና» ወንዝ ውስጥ ያለው ነው ወይስ አለቃው፣ የሚነግረን በዙሪያው ያለው ቃል ነው። ስለዚህ የአንባቢ ዓይን ከአፉ ቀድሞ መሄድ አለበት። ፊደል በፊደል የሚድህ ልጅ ዓይኑ አይቀድምለትም፤ የሚቀድምለት ብዙ ሲያነብ ነው። ያ ልጅ የተሳሳተው ብዙ ስላላነበበ ነበር። ሲሳሳት ተሳቀበት፤ ሲሳቅበት ጭራሽ ተወው። ደግሞ ብቻውን አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ የሀገራችን ቋንቋዎች በተደረገው የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እነዚያ ልጆች ከዓመታት በኋላ 7ኛ ክፍል ሲደርሱ የተቀበልናቸው እኛው ነን።

ወደ ልጁ ልመለስ። አንድ ማታ አርፍዶ መጣ። ተቆጣሁ። «አጎቴን እያስጠናሁ ነው» አለኝ። አጎቱ ባጃጅ ለመንዳት መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ነው፤ ንባብ ስለሚያስቸግረው ጥያቄዎቹን የሚያነብለት ይህ ልጅ ነው። ከጃኬቱ ኪስ ዘይት የጠጣች፣ ሽፋኗ የተገነጠለ የጥያቄና መልስ ጥራዝ አወጣ። «እማማ፣ ተዳፋት ምንድን ነው?» አለኝ። ከእኔ ጋር መማር ከጀመረ ወዲህ የቃል ፍቺ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነበር።

የመማሪያ መጽሐፉን ዘጋሁት። እኔ መሪ ጨብጬ አላውቅም። እርሱ ጥያቄውን ያነባል፣ እኔ እመልሳለሁ፣ እሳሳታለሁ፣ እርሱ ያርመኛል። ቁልቁለት ላይ ማን ለማን ይቆማል? አደባባይ ሲደርስ ቅድሚያ የማን ነው? ሊያስረዳኝ ብሎ ማንም ሳያዘው ሁለቴ ሦስቴ መልሶ ያነበዋል። ፊት ለፊቱ መቀመጤንም ተውኩ፤ ጎን ለጎን ሆነን አንድ ገጽ እናያለን። ሲሳሳት ዓረፍተ ነገሩን እስኪጨርስ ዝም እላለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ትርጉሙ እንቢ ሲለው ራሱ ይመለሳል። በስድስት ሳምንት ጥራዟን ጨረስናት። አጎቱም ፈተናውን አለፈ። ልጁ «ሌላ የለም?» አለኝ።

ሰው የሚያነበው ማወቅ የሚፈልገው ነገር ሲኖር መሆኑን ቀድሜ ማወቅ ነበረብኝ። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ዘማች ነበርኩ። ካስተማርኳቸው መካከል አንዲት ባልቴት ከሁሉም ቀድመው ይደርሱ ነበር፤ ወታደር ልጃቸው የሚልክላቸውን ደብዳቤ ለጎረቤት እየሰጡ ማስነበብ አንገሽግሿቸው ነበር።

«ሌላ የለም?» ያለኝን ልጅ ይዤ ወደ አንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። መጻሕፍቱ አሉ። በመስታወት ቁምሳጥን ውስጥ፣ ተቆልፎባቸው። ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው፤ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ስብሰባ ላይ ናቸው። በማግስቱም ሄድን። በሦስተኛው ቀን ልጁ «እማማ፣ ይቅር» አለኝ።

በቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ አልፈርድም። መጽሐፉ በሞዴል 19፣ በንብረት መረከቢያ ደረሰኝ፣ ገቢ የሆነ ንብረት ነው፤ ቢጠፋ ከደመወዟ ይቆረጣል። እኔም እዚሁ ግቢ ውስጥ ለዓመታት ቁልፍ ይዤ ዞሬአለሁ። በቆጠራ ቀን አንድም መጽሐፍ አልጎደለም ተብዬ ተመስግኛለሁ። ያ ምስጋና ዛሬ ያንገበግበኛል። ያልጎደለው ማንም ስላላነበበው ነው!

ስለዚህ በዚህ ሕዝብ ፊት ርእሰ መምህሩንና ኅብረቱን እጠይቃለሁ። እነዚህ መጻሕፍት እንደ ጠመኔ አላቂ ዕቃ ሆነው ይመዝገቡ። ጠመኔ ሲያልቅ ከማን ደመወዝ ይቆረጣል? ከማንም! መጽሐፍም በልጆች እጅ ይቀደድ፣ ይቆሽሽ፣ ያርጅ! መስታወትና ቁልፍ ያለው ቁምሳጥን እዚህ ቤት እንዳይገባ!

ወላጆች፣ «ስላጠፋህ ገብተህ አንብብ» አትበሉ። የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ደረሰ ብላችሁም ልብ ወለድ የያዘን ልጅ አትቆጡ፤ ፈተናውም የሚሠራው በንባብ ነው። ስለ ስልክ የምለው ነበረኝ፤ ለሌላ ቀን ይቆየኝ።

ከሰኞ ጀምሮ ከትምህርት መልስ፣ ከ9 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት፣ በመስኮቱ በኩል ባለችው ጠረጴዛ እገኛለሁ። ወንበሮቹ ጎን ለጎን ይቀመጡልኝ። ልጆች፣ የስፖርት ጋዜጣም ይሁን የመድኃኒት ወረቀት፣ ማወቅ የምትፈልጉትን ይዛችሁ ኑ። ያ ልጅ ዛሬ 10ኛ ክፍል ነው፤ ሐሙስ ሐሙስ እየመጣ ሊያግዘኝ ቃል ገብቶልኛል። ስሙን ራሱ ይነግራችኋል።