እሳት ስላያችሁ ብቻ ኮምበስሽን አትበሉት

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ወሬው ደግሞ ኬሚስትሪ ነው፣ አትሽሹ።

የእህቴ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ናት። አራቱን የሪአክሽን፣ ማለትም የኬሚካላዊ ለውጥ፣ ዓይነቶች በቃሏ ትወጣቸዋለች። ኮምቢኔሽን፣ ዲኮምፖዚሽን፣ ሲንግል ዲስፕሌስመንት፣ ደብል ዲስፕሌስመንት። አዲስ እኩልታ ሲሰጧት ግን ቆም ትላለች። እኔ ኤ ሲደመር ቢ የሚለውን ሽምደዳ አልወደውም። መቁጠር ይበቃል። ከቀስቱ በግራ ስንት ነገር ገባ? በቀኝ ስንት ወጣ? ብዙ ገብቶ አንድ ከወጣ ኮምቢኔሽን፣ አንድ ገብቶ ብዙ ከወጣ ዲኮምፖዚሽን ነው። ሁለት ገብቶ ሁለት ከወጣስ? ያኔ ብቻውን የቆመ ንጥረ ነገር ፈልጉ። ሚስማር ኮፐር ሰልፌት ውስጥ ሲነከር ብረቱ መዳቡን አስወጥቶ ቦታውን ይይዛል፣ ሰማያዊው ውሃ ይደበዝዛል፣ ሚስማሩም ቀላ ያለ መዳብ ይለብሳል፤ ይሄ ሲንግል ነው። ገልብጣችሁ መዳብ አይረን ሰልፌት ውስጥ ብትነክሩ ግን ምንም አይፈጠርም፣ መዳብ ብረትን የማስወጣት አቅም የለውማ። ብቻውን የቆመ ንጥረ ነገር ከሌለ ደግሞ ደብል ነው፣ ማለትም ሁለት ውሁዶች አጋር ሲለዋወጡ።

እኔ የምወደው ምሳሌ ኖራ ነው። የኖራ ድንጋይ፣ ማለትም ካልሲየም ካርቦኔት፣ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ይበታተናል። ከ100 ግራም ድንጋይ 56 ግራም ካልሲየም ኦክሳይድ ይቀራል፣ 44 ግራሙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይሄዳል። ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ እሳቱን አይቶ ኮምበስሽን፣ ማለትም ከኦክስጅን ጋር መንደድ፣ ይላል። የሚነደው ግን ማገዶው ነው እንጂ ድንጋዩ አይደለም፤ ድንጋዩ ከኦክስጅን ጋር አልተዋሃደም፣ ተሰባበረ እንጂ። ዲኮምፖዚሽን።

ከዚያ በቀረው ካልሲየም ኦክሳይድ ላይ ውሃ ስታፈሱበት ሁለት ነገር ገብቶ አንድ ይወጣል፣ ኮምቢኔሽን። በኃይል ይግላል፣ እስከ መንተክተክ ይደርሳል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ክፉኛ ያቃጥላል፣ እባካችሁ ቤት ውስጥ አትሞክሩት። ይሄው ውሃ ያገኘው ኖራ ግድግዳ ላይ ሲቀባ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ፣ ውሃውን እየለቀቀ፣ ቀስ በቀስ ተመልሶ ካልሲየም ካርቦኔት ይሆናል። የሚጠነክረውም ለዚህ ነው።

እንግዲህ ይሄ የመጨረሻው የትኛው ነው? ሁለት ገባ፣ ሁለት ወጣ፣ ብቻውን የቆመ ንጥረ ነገር የለም። በእኔ ቆጠራ ደብል መሆን ነበረበት፣ ግን እንደ ደብሉ ሁለት ውሁዶች አጋር አልተለዋወጡም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ አሲዳማ ስለሆነ ከአሲድና ቤዝ ሪአክሽን ጋር ብንመድበው ይሻላል። አራቱ ስሞች ሁሉን አይሸፍኑም፣ ይሄን ለልጆች ቀድሞ መንገር ጥሩ ይመስለኛል።

አቼቶና ቤኪንግ ሶዳም እንደዛው ናቸው። መጀመሪያ ይለዋወጣሉ፣ ደብል። የተፈጠረው ካርቦኒክ አሲድ ወዲያው ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይፈርሳል፣ አረፋው የሚመጣው ከዚህ ነው፣ እሱ ደግሞ ዲኮምፖዚሽን። ልጅቷ «ታዲያ ፈተና ላይ ምን ልበል?» አለችኝ። ሁለቱንም በቅደም ተከተል ጻፊ አልኳት።

ማግኒዚየም ሲነድ ኮምቢኔሽንም ኮምበስሽንም የሚባልበትን ምክንያት ከሬዶክስ፣ ማለትም ከኤሌክትሮን መቀባበል፣ ጋር በሚቀጥለው እናወራዋለን። ቻው።