በሩ ተዘግቷል ከማለታችን በፊት

የተከበራችሁ አባ ገዳዎች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ የዕድር ዳኞች፣ የከተማችን የአስተዳደር ሠራተኞች፣ መምህራን፣ እናቶች፣ በተለይም ደግሞ እናንተ የጅማ ወጣቶች፤ አካም ጅርቱ፣ እንደምን ዋላችሁ።

የቀረበልኝ ጥያቄ አጭር ነው። ዴሞክራሲ ባለበት አገር ለፖለቲካ ዓላማ ዱላ ማንሳት፣ መተኮስ፣ ማቃጠል ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ ወይ? መልሴን ከወዲሁ ልናገር። ሰላማዊው በር በእርግጥ ክፍት እስከሆነ ድረስ የለም። በሩ ተዘግቷል የሚል ሰው ማንኳኳቱን በወረቀት ማሳየት አለበት። በሩን የያዘው መንግሥትም መክፈቱን እንዲሁ በወረቀት ማሳየት አለበት።

ነውጥ ስል ሰውን በመግደል፣ በመደብደብ፣ በማፈን ወይም ንብረቱን በማውደም ሥልጣን ለመያዝ ወይም ውሳኔ ለማስለወጥ የሚደረገውን ማለቴ ነው። አድራጊው የደንብ ልብስ ለበሰም አልለበሰም ለውጥ የለውም። ባዶ እጁን በወጣ ሰልፈኛ ላይ የሚተኩስ ፖሊስ የሚፈጽመው የፖለቲካ ነውጥ ነው። ሰልፍ፣ አድማ፣ ሱቅ መዝጋት ግን የሰውን ውሎ ቢያውኩም ነውጥ አይባሉም። ሊገድለው የመጣን ሰው የሚመክት ደግሞ ራሱን እየተከላከለ ነው፤ ሕግም ለብቻው ያየዋል።

መንገድ መዝጋትስ? ጅማ ላይ ቆሞ ይህን ጥያቄ መዝለል አይቻልም። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ይቦካል፤ ከዚያ በኋላ ቢታጠብም ጣዕሙ አይመለስም፣ ደረጃውም ይወርዳል። ከጎማ ወይም ከማና ወረዳ የተጫነ እሸት ድንጋይ በተደረደረበት መንገድ ላይ ሲያድር የሚከስረው ሚኒስትር አይደለም፤ ገበሬው ነው። በዚያው ድንጋይ ፊት ምጥ የያዛትን ሴት የጫነ አምቡላንስም ይቆማል። መንገድ ላይ ተቀምጦ አምቡላንስ ሲመጣ ተነስቶ የሚያሳልፍ ሰልፈኛና ድንጋይ ደርድሮ የተሰወረ ሰው በአንድ ስም ሊጠሩ አይገባም። አንደኛው ለሠራው ሥራ ኃላፊነት ወስዶ እዚያው አለ፤ ሌላው የለም።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 30 መሣሪያ ሳይዙ በሰላም የመሰብሰብ፣ ሰልፍ የመውጣትና አቤቱታ የማቅረብ መብት ይሰጣል። በአንቀጽ 54 መራጩ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ሊያነሳው እንደሚችል ይናገራል። በአንቀጽ 9 ደግሞ ሕገ መንግሥቱ ከደነገገው ውጭ ሥልጣን መያዝን ይከለክላል። የተጻፈው ሁሉ መሬት ላይ አለ ብዬ አልከራከርም፤ ልዩነቱን እዚህ አዳራሽ ውስጥ የማያውቅ የለም። ነገር ግን ልዩነቱ የሚለካው በምሬታችን መጠን ሳይሆን ባስቀመጥነው መዝገብ ነው።

የሰላማዊ ሰልፍና የሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 3/1983ን ስንቶቻችን አንብበነዋል? አዋጁ የሚጠይቀው ማሳወቅን ነው። ሰልፉ ከመደረጉ 48 ሰዓት አስቀድሞ ለአስተዳደሩ የጽሑፍ ማስታወቂያ ይገባል፤ ዓላማው፣ ቦታው፣ የሚያልፍበት መንገድ፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ የሚጠበቀው የሰው ብዛት ይጻፍበታል፤ አዘጋጆቹ ይፈርሙበታል። አስተዳደሩ ቦታው ወይም ጊዜው ይለወጥ የሚል ከሆነ ምክንያቱን በጽሑፍ በ12 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ አለበት። ጨርሶ በየትም ቦታ፣ በማናቸውም ጊዜ አታድርጉ ማለት ግን አይችልም።

ነገሩ የሚበላሸው የት ላይ እንደሆነ እንየው። ወጣቶች ማስታወቂያውን በአንድ ቅጂ ይጽፉና አስረክበው ይመለሳሉ። በሦስተኛው ቀን «የደረሰን ነገር የለም» ሲባሉ የሚያሳዩት የላቸውም። ስለዚህ በሁለት ቅጂ ይጻፍ፤ በእናንተ ቅጂ ላይ የመዝገብ ቤቱ ማኅተም፣ ቀኑና ሰዓቱ ይስፈር። አንቀበልም ካሉ በዚያው ቀን በአደራ ደብዳቤ በፖስታ ቤት ይላክ፣ ደረሰኙ ይቀመጥ፤ አብረው የሄዱ ሁለት ሰዎች ያዩትን ጽፈው ይፈርሙ። ዝም ከተባላችሁ ያንኑ ፋይል ይዛችሁ ወደ ፍርድ ቤት፣ ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ ወደ ኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ሂዱ፤ ኮሚሽኑ እዚሁ ጅማ ጽሕፈት ቤት አለው። ይህ ሁሉ አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ነገር ግን «ተከለከልን» የሚለውን ስሞታ ማስረጃ የሚያደርገው ይኸው አሰልቺ ሥራ ነው።

ወረቀት ምን ያደርጋል ለምትሉኝ ወደ ማላዊ ልውሰዳችሁ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 በተደረገው ምርጫ ፕሬዚዳንት ፒተር ሙታሪካ አሸነፉ ተባለ። ተቃዋሚዎች የውጤት ማጠቃለያ ቅጾቹን ሲመለከቱ ቁጥሮች በነጭ የማጥፊያ ቀለም ተሸፍነው በላያቸው ሌላ ቁጥር ተጽፎ አገኙ። ቅጾቹን ሰብስበው ፍርድ ቤት ገቡ፤ ሕዝቡም ጉዳዩ እስኪያልቅ ለወራት አደባባይ ተመላለሰ። እ.ኤ.አ. የካቲት 3 ቀን 2020 አምስት ዳኞች ምርጫውን ሰረዙት። በዚያው ዓመት በሰኔ ምርጫው ተደገመ፤ ላዛረስ ቻክዌራ ከግማሽ በላይ ድምፅ አግኝተው ቤተ መንግሥት ገቡ።

በእነዚያ ወራት ደም ያልፈሰሰ እንዳይመስላችሁ። ምሱንድዌ በሚባል ቦታ አንድ ፖሊስ በሕዝብ እጅ ተገደለ። ፖሊሶች ለበቀል ወደ አካባቢው ሲገቡ የደፈሩት በግድያው እጃቸው የሌለበትን ሴቶችና ልጃገረዶች መሆኑን የአገሪቱ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን መርምሮ አረጋግጧል። አንዱ በወረወረው ድንጋይ የሚመታው ሌላው ነው። የፖሊሱ ሞት ደግሞ አንድም የውጤት ቅጽ አላስተካከለም፤ ዳኞቹ የፈረዱት በቅጾቹ ላይ ባዩት ቀለም ነው።

በተቃራኒው ኡራጓይ አለች። በላቲን አሜሪካ በዴሞክራሲዋ የምትመሰገን አገር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ቱፓማሮስ የተባሉ ወጣቶች፣ ብዙዎቹ የተማሩና ለድሃ የሚቆረቆሩ፣ ባንክ መዝረፍ፣ ከዚያ ሰው ማገት፣ ከዚያም መግደል ጀመሩ። ሐሳባቸው መንግሥት ጭምብሉን ሲያወልቅ ሕዝቡ ይነሳል የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1972 በአንድ ቀን በርካታ ሰዎችን ገደሉ፤ በማግስቱ ፓርላማው የውስጥ ጦርነት ሁኔታ አወጀ። ሠራዊቱ በወራት ውስጥ ደመሰሳቸው። ታሪኩ ግን እዚያ አላበቃም። ለዚህ ሥራ ከሰፈሩ የወጣው ሠራዊት አልተመለሰም፤ ሰኔ 27 ቀን 1973 ፓርላማው ተበተነ፣ አገሪቱም እስከ 1985 በወታደር ተገዛች። ጭምብሉ ወልቋል፤ ሕዝቡ ግን አልተነሳም። ከታጣቂዎቹ አንዱ የነበሩት ሆሴ ሙሂካ ከ12 ዓመት በላይ በእስር ከማቀቁ በኋላ በ2009 በምርጫ ካርድ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። በጠመንጃ የፈለጉትን በር የከፈተላቸው ወረፋ ይዞ የቆመ መራጭ ነው።

ይህ የሚሆንበት ምክንያት አለው። ድብቅ ቡድን ሰው የሚመርጠው በምስጢር ጠባቂነቱ ነው፤ ሒሳቡን የሚመረምር፣ መሪውን የሚሽር የለውም። ጥይት ሲተኮስ ደግሞ እናቶች፣ ነጋዴዎች፣ የመንግሥት ሠራተኞች ወደ ቤታቸው ይገባሉ፤ ሜዳው ላይ የሚቀሩት ጎረምሶችና ወታደሮች ናቸው፣ በዚህ ግጥሚያ ማን እንደሚያሸንፍ የታወቀ ነው። ከ1900 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ የተካሄዱ 323 ዘመቻዎችን ያጠኑ ተመራማሪዎች ሰላማዊዎቹ 53 በመቶ፣ የትጥቆቹ 26 በመቶ እንደተሳካላቸው አግኝተዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከአምባገነን ጋር የተደረጉ ትግሎች መሆናቸውን አስታውሱ። እኛም ቢሆን በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በከተሞቻችን ግድያ በግድያ ሲመለስ ምን እንደተረፈን ሽማግሌዎቻችን ይነግሩናል፤ ብዙ ቤት ፎቶግራፍ ብቻ ቀርቷል።

ታዲያ በሩ በእርግጥ ሲዘጋስ? ይህን ጥያቄ የሚሸሽ ተናጋሪ አትመኑ። ደቡብ አፍሪካ ለጥቁር ሕዝቧ ዴሞክራሲ አልነበረችም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1960 ሻርፕቪል ላይ 69 ሰዎች ተገደሉ፤ በሚያዝያ የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ ታገደ። ክንፉ በታኅሣሥ 1961 የትጥቅ ትግል ሲጀምር የአሥርት ዓመታት አቤቱታ ከኋላው ነበረ፤ መጀመሪያም የመረጠው የሰው ሕይወት ሳይጠፋ ተቋማትን ማሰናከልን ነው። ጀርመን ደግሞ በ1968 በሕገ መንግሥቷ አንቀጽ 20 ላይ ዜጎች ሥርዓቱን ሊያፈርስ የሚነሳን ማንኛውንም ሰው የመቃወም መብት እንዳላቸው ጨመረች፤ ግን ሌላ መፍትሔ ከሌለ ብቻ። ይህች «ሌላ መፍትሔ ከሌለ» የምትለው ሐረግ ሁሉን ትይዛለች። በምርጫ የተሸነፈ፣ ክርክር የተረታ፣ ሹመት የቀረበት ሰው አይገባባትም። ፓርላማውን በታንክ የከበበ፣ ፍርድ ቤት የዘጋ፣ ምርጫ ያስቀረ ሲመጣ ነው የምትሠራው፤ ያኔም ቢሆን ሲቪሉን ሰው መንካት አትፈቅድም።

ወጣቶች፣ ዲሲፕሊን ከሰማይ አይወርድም፤ ይለማመዱታል። በአሜሪካ ናሽቪል እ.ኤ.አ. በ1960 ጥቁር ተማሪዎች ነጭ ብቻ በሚስተናገድበት የምግብ ቤት ባንኮኒ ከመቀመጣቸው በፊት ለወራት ሰልጥነዋል፤ አንዱ ሲሳደብ፣ ሲገፋ፣ ሌላው ዝም ብሎ መቀመጥን። በኪሳቸው የተጻፈ መመሪያ ነበረ፦ ብትመታ አትምታ፣ አትሳደብ፣ ጮክ ብለህ አትሳቅ፣ የሱቁን መግቢያ አትዝጋ፣ ፊትህን ወደ ባንኮኒው አድርገህ ቀጥ ብለህ ተቀመጥ። የካቲት 13 ጀመሩ፤ ግንቦት 10 ስድስት ሱቆች ባንኮኒያቸውን ከፈቱላቸው። እኛም ጋ ሰልፍ ሲታሰብ ቢያንስ ለ50 ሰው አንድ አስተባባሪ ይመደብ፤ ከሩቅ የሚለይ ሰደርያ ይልበስ። አብዛኛውን አስተባባሪ ፊት አታሰልፉት። ጠብ የሚነሳው ብዙ ጊዜ ከኋላ ነው፤ መፈክሩ አልቆ ሰው ሲበተን፣ መሪዎቹ ሄደው ፖሊሱ ሲደክመው። የመበተኛው ሰዓትና መንገድ እንደ መነሻው በጽሑፍ ይወሰን።

ለአስተዳደርና ለጸጥታ ሠራተኞች የምለው አጭር አይደለም፤ ስለዚህ አንዱን ብቻ ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መግቢያ በጀርመን አንድ የሂሳብ መምህር የፖለቲካ ግድያዎችን ቆጠረ። በአራት ዓመት ውስጥ ቀኝ ክንፈኞች የፈጸሙት ግድያ 354 ነበር፤ 326ቱ ሳይቀጡ አለፉ። ግራዎቹ ለፈጸሙት 22 ግድያ ግን ሳይቀጡ የቀሩት 4 ብቻ ናቸው። ዳኞቹ ወገን ለይተው ሲፈርዱ ሕዝቡ ፍርድ ቤትን ከመንገድ ላይ ፍልሚያ መለየት አቃተው፤ በ1933 መንገዱን የተቆጣጠሩት አገሩን ወሰዱ። በአገራችንም ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን የ193 ሲቪል ሰዎችን ሞት መዝግቧል። ያ ቁስል እንዴት እንዳደረ ታውቃላችሁ።

ስለዚህ ነገ ጠዋት አንድ ልጅ ሁለት ቅጂ ደብዳቤ ይዞ መዝገብ ቤት ሲመጣ «ኃላፊው የሉም፣ ነገ ና» አትበሉት። ተቀበሉት፤ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉለት፤ በሁለቱም ቅጂ ላይ ማኅተም ምቱለት።