መልስ ሳይመጣ ሲቀር

ሰላም ለሁላችሁም፣ ስለመጣችሁ በጣም ነው ማመሰግነው። ዛሬ ማወራችሁ ስለ አንድ ነገር ነው፣ አፓችን ሰርቨሩን (ስራውን ከሩቅ ሚሰራለትን ኮምፒውተር) ጠይቆ መልስ ሳይመጣለት ሲቀር ምን ያደርጋል?

ኮድ ስንጽፍ አብዛኞቻችን ሁለት ነገር ብቻ ነው ምናስበው፣ ወይ ተሳክቷል ወይ አልተሳካም። ግን ሶስተኛም አለ፣ እሱም "አይታወቅም" ነው። ሪኩዌስቱ (አፑ የላከው ጥያቄ) ሰርቨሩ ጋ ደርሶ ስራው ተሰርቶ አልቆ መልሱ ሲመጣ መንገድ ላይ ሊጠፋ ይችላል፣ ወይ ደግሞ ሪኩዌስቱ ራሱ ጭራሽ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል፣ ስልኩ ጋ ሆናችሁ ስታዩት ግን ሁለቱም ያው ዝምታ ነው። በዛ ሰአት ለዩዘሩ "አልተሳካም" ካላችሁት የማታውቁትን ነገር ነው የነገራችሁት።

እኔ ይሄ የገባኝ ሰው ጎድቼ ነው። ሰዎች ረጅም ሪፖርት የሚሞሉበት አፕ ሰርቼ ነበር፣ ኮኔክሽን ሲቋረጥ "ስህተት ተፈጥሯል" ብሎ ፎርሙን ባዶ ያደርገው ነበር። አንዲት ሴት ብዙ ሰአት የለፋችበት ጽሁፍ እንደዛ ጠፋባት፣ ያስታወሰችውን ያህል እንደገና ጽፋ ላከች፣ በኋላ ዳታቤዙን ስናየው ለካ የመጀመሪያውም ደርሶ ኖሯል፣ ሁለቱም እዛው ቁጭ ብለዋል። ያንን ልፋት በከንቱ ያስለፋኋት እኔ ነኝ፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚ መጀመሪያ፣ ዩዘሩ የጻፈው ነገር ከመላኩ በፊት ስልኩ ላይ ሴቭ ይደረግ፣ ሰርቨሩ "ደርሶኛል" እስኪል ድረስም አይጥፋ። ከዛ ለእያንዳንዱ ስራ አፑ ራሱ ልዩ መለያ ቁጥር ይስጠው፣ ደግሞ ሲልክም ያንኑ ቁጥር ይላክ፣ ሰርቨሩ ቁጥሩን ካወቀው ስራውን ሁለተኛ አይሰራውም፣ የበፊቱን መልስ ብቻ ይመልሳል። አፕና ሰርቨር በሚነጋገሩበት በኤችቲቲፒ ህግ ጌት (አምጣ)፣ ፑት (ይሄን አስቀምጥ) እና ዲሊት (አጥፋ) ሚባሉት የሪኩዌስት አይነቶች ቢደጋገሙም ውጤታቸው ያው እንዲሆን ነው የታሰቡት፣ ፖስት (ይሄን ተቀብለህ ስራበት) ግን እንደዛ አደለም፣ ፖስትን ያለ መለያ ቁጥር ሪትራይ ማድረግ (ደግሞ መላክ) ማለት አንድ ክፍያ ሁለቴ ሊቆረጥ ይችላል ማለት ነው።

ታይምአውት ደግሞ አለ፣ መልስ ምንጠብቅበት የጊዜ ገደብ ማለት ነው። የፓይተኑ ሪኩዌስትስ ላይብረሪ እናንተ ካልሰጣችሁት ምንም ታይምአውት የለውም፣ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ሊነክስ ላይ ኮኔክሽን ለመክፈት ብቻ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) በዲፎልት ደጋግሞ ይሞክርና ተስፋ ሚቆርጠው ከ2 ደቂቃ በላይ ቆይቶ ነው፣ ማን ነው ይሄን ሁሉ ጊዜ የምትዞር ክብ እያየ ሚቀመጠው? የብሮውዘሩ ፌች (ሪኩዌስት ሚልከው ፈንክሽን) ደግሞ ሰርቨሩ 500 (እኔ ጋ ተበላሽቷል) ቢመልስም እንደ ኤረር አይቆጥረውም፣ መልስ መጣ ብሎ ነው ሚያልፈው፣ ስታተሱን (የመልሱን ኮድ) እናንተ ናችሁ ቼክ ማድረግ ያለባችሁ። ዋይፋይ መያዙም ኢንተርኔት አለ ማለት አደለም እኮ፣ መጀመሪያ ሎግኢን አድርጉ ሚል ኔትወርክ የራሱን ገጽ 200 (ተሳክቷል) ብሎ ሊሰጣችሁ ይችላል፣ አፑ ደግሞ ያንን ጄሰን (ከሰርቨሩ ሚጠብቀው የዳታ አጻጻፍ) ነው ብሎ ሊያነበው ሲሞክር ይወድቃል።

ሪትራይ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ጥሩ ያደረግን እየመሰለን ብዙ ጥፋት ምናጠፋው እዚ ጋ ነው። በ1986 ኢንተርኔት ላይ ከባድ መጨናነቅ ተፈጥሮ ነበር፣ በሎረንስ በርክሊ ላብና በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ መሀል ፍጥነቱ በሴኮንድ ከ32 ሺህ ቢት ወደ 40 ቢት ወረደ፣ እነዚህ እኮ ጎረቤት ናቸው! ማሽኖቹ መስመሩ መጨናነቁን ሳያዩ ይልካሉ፣ መልስ ሲዘገይባቸው ጠፋ ብለው ደግመው ይልካሉ፣ መስመሩ ደግሞ የበለጠ ይጨናነቃል። ቫን ጃኮብሰንና ማይክል ካሬልስ የሚባሉ የኔትወርክ ባለሙያዎች መፍትሄውን ቲሲፒ (ዳታ በኢንተርኔት የሚላክበት ህግ) ውስጥ ጨመሩ፣ ሲጨናነቅ ቀስ በሉ የሚል ነው። የእኛ አፕም ሰርቨር ሲወድቅ በየሴኮንዱ ከደበደበው ሰርቨሩ ቀና ሊል ሲል መልሶ ይጥለዋል። 1 ሴኮንድ፣ 2፣ 4፣ 8 እያላችሁ አራርቁት፣ ጣሪያም አብጁለት፣ ሁሉም ስልክ እኩል እንዳይነሳ ደግሞ ሰአቱን በዘፈቀደ ትንሽ ትንሽ አዛንፉት። 503 (አሁን አልችልም) ወይ 429 (ጥያቄ አበዛችሁ) ሲመጣ ሰርቨሩ "ሪትራይ አፍተር" (ከዚህ በኋላ ሞክሩ) ብሎ ጊዜ ከሰጣችሁ እሱን አክብሩ። 400 (ጥያቄው ስህተት አለው) ወይ 403 (አይፈቀድም) ከሆነ ግን ያንኑ ሪኩዌስት መቶ ጊዜ ብትልኩት መልሱ ያው ነው፣ አቁሙ።

ለዩዘሩ ምን እንበለው? የምናውቀውን ብቻ። "የጻፉት ስልክዎ ላይ ተቀምጧል፣ መድረሱን ግን ገና አላረጋገጥንም፣ ኮኔክሽን ሲመለስ እናጣራለን።" ይሄን ያነበበ ሰው በተኑን አስሬ አይጫንም፣ እንደገና ልጻፍ ብሎም አይጨነቅም።

ዛሬ ቤት ስትገቡ አንድ ነገር ሞክሩልኝ፣ ቴስት ሰርቨራችሁ ስራውን ከሰራ በኋላ መልስ ሳይሰጥ ኮኔክሽኑን እንዲዘጋ አድርጉትና አፓችሁ ስክሪን ላይ ምን እንደሚል አንብቡት፣ ከዛ ደግማችሁ ላኩና ዳታቤዙ ላይ ስንት መዝገብ እንዳለ ቁጠሩ። አሁን ጥያቄ ያለው ካለ እቀበላለሁ።