አሠልጣኙ ይድነቃቸው

ሰላም፣ እንደምን ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም። ብቻዬን ነኝ። ስለ ይድነቃቸው ተሰማ ላወራ ነው።

ስማቸውን ያልሰማ የኳስ ሰው ያለ አይመስለኝም። ግን ስናነሳቸው ምን ብለን ነው የምናነሳቸው? የካፍ ፕሬዚዳንት። ልክ ነው። ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ የአፍሪካን እግር ኳስ መርተዋል። አፓርታይድን ታግለዋል። ለአፍሪካ የዓለም ዋንጫ ቦታ ይሰጣት ብለው ተሟግተዋል። ይህን ሁሉ የሚያወራ ሰው አይጠፋም። እኔ ዛሬ የማወራው ስለ አሠልጣኙ ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም ብሔራዊ ቡድናችንን ይዘው አዲስ አበባ ስታዲየም ስለገቡት ጋሽ ይድነቃቸው።

የዚያን ቀን ጨዋታ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ነበር፤ ተጋጣሚዋ ግብፅ ነበረች። በወቅቱ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ነበር የምትባለው። ከዚያ በፊት ከግብፅ ጋር የነበረንን ታሪክ ታስታውሳላችሁ? በ1949 ካርቱም ላይ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ተገናኘን። አራት ለባዶ። አራቱንም ጎል ያገባው አንድ ሰው ነው፣ ኤል ዲባ። በ1951 ካይሮ ላይ ደግመን ተገናኘን። ደግሞም አራት ለባዶ። እስቲ ራሳችሁን አሠልጣኝ አድርጋችሁ አስቡት። ተጫዋቾችህ ያንን ማልያ ሲያዩ ትዝ የሚላቸው ስምንት ጎል ነው። ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደው ያ ቡድን ነው። አንተ ደግሞ በሀገርህ፣ በሕዝብህ ፊት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ቁጭ ብለው እያዩ፣ እነዚህን ልጆች ዛሬ ትችላላችሁ ብለህ ማስገባት አለብህ።

ጨዋታው እንዴት እንደሄደ ደግሞ እዩልኝ። ባዳዊ አግብቶ ግብፅ መራች። ዕረፍት ወጡ፤ ተመለሱ። አሁንም እየተመራን ነው። 74ኛው ደቂቃ ላይ አቻ ሆንን። ስታዲየሙ ጮኸ። ጩኸቱ ሳይበርድ፣ አንድ ደቂቃ እንኳን ሳይቆይ፣ ያው ባዳዊ ደገመው። ሁለት ለአንድ።

እኔ እዚህች ደቂቃ ላይ ሁሌ እቆማለሁ። ኳስ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። ለፍተህ ለፍተህ አቻ ሆነህ ወዲያው ሲገባብህ እግር ይከዳል። ቡድን የሚፈርሰው እዚያ ላይ ነው። ይህ ቡድን ግን አልፈረሰም። 84ኛው ደቂቃ ላይ ኢታሎ ቫሳሎ አገባ። ሁለት አቻ። ጭማሪ ሰዓት። ኢታሎ ደገመ። ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው መንግሥቱ ወርቁ አራተኛዋን ጨመረ። አራት ለሁለት።

በዚህ ታሪክ ስለ ኢታሎ ይወራል፣ ስለ መንግሥቱ ይወራል። ወሬው አሠልጣኙ ጋ ሲደርስ ይቆማል።

ከዓመታት በፊት ስታዲየሙ ውስጥ ከማን አንሼ የሚባለው የተመልካች ቦታ ተቀምጬ አንድ አዛውንት አጠገቤ ነበሩ። ያንን ፍጻሜ በዓይናቸው ያዩ ሰው ናቸው። በያዙት ጋዜጣ ላይ ቆሏቸውን ዘረገፉና ቡድኑን ደረደሩልኝ። ይህች ሽምብራ መንግሥቱ ነው። ይህ ሱፍ ኢታሎ ነው፣ ከዚህ ተነስቶ እንዲህ ሄደ። ሽምብራዋን በጣታቸው እየገፉ ጎሎቹን አንድ በአንድ አሳዩኝ። ከታች ሜዳ ላይ ጨዋታ እየተካሄደ ነው፤ እኔ ግን ዓይኔ ጋዜጣው ላይ ቀረ። በኋላ፣ አባባ፣ ጋሽ ይድነቃቸውስ ያኔ ምን ያደርጉ ነበር ብዬ ጠየቅኳቸው። ትንሽ አሰቡና ስለ ካፍ ያወሩልኝ ጀመር። ስለ ደቡብ አፍሪካ። አውሮፕላን ማረፊያ ስለነበረው አሸኛኘት። ስለ አሠልጣኙ አንድም ነገር አልነገሩኝም። ጎሎቹን በሽምብራ የሚያሳዩ ሰው!

አልፈርድባቸውም። ትልቁ ሥልጣን ትንሹን ይሸፍናል። ለእኔ ግን ያኛው ሥራ ትንሽ አይደለም።

እስቲ ሰውዬው ከየት እንደመጡ እንይ። የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም ነው፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት። የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ናቸው፣ የዚያ ድምፁን በሸክላ ያስቀረጸው ባለቅኔ። የተማሩት ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ነው። ከ20 ዓመት በላይ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫውተዋል። ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ውድድር ሲጀመር፣ የጊዮርጊስ ተጋጣሚዎች የአርመኖች፣ የግሪኮች፣ የጣሊያኖችና የእንግሊዝ ጦር ቡድኖች ነበሩ። ጊዮርጊስ ከነዚህ ሁሉ ጋር ተፋለመ። እንግዲህ ይችላሉ ከሚባሉ ቡድኖች ጋር ሜዳ ላይ መፋለም ምን እንደሆነ ሌላ ሰው አልነገራቸውም። ራሳቸው በእግራቸው ያውቁታል።

ሌላም አለ። በ1954ቱ ቡድን ውስጥ ከአሥመራ የመጡ ብዙ ልጆች ነበሩ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ የኢታሎ ታላቅ ወንድም፣ ከጣሊያን አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለደ ልጅ ነው። የጣሊያን ወረራ ካበቃ ገና 21 ዓመቱ ነው። ያንን ዘመን በወጣትነታቸው ያሳለፉ አሠልጣኝ፣ ይህን ልጅ አምበል ባደረገ ቡድን ለፍጻሜ ቀረቡ። ሉቺያኖ ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ፎቶውን አይታችሁት ይሆናል። እኔ ሳየው ከዋንጫው በላይ የሚገርመኝ ይህ ነው። የአሥመራውንና የሸገሩን ልጅ አንድ መልበሻ ክፍል አስገብቶ አንድ ልብ ማድረግ ቀላል ሥራ አይደለም። ይህን የሚሠራው አሠልጣኝ ነው።

ከዚያ ወዲህ ዋንጫውን አልደገምነውም። ከ1974 እስከ 2005 ዓ.ም ለ31 ዓመት ውድድሩ ላይ እንኳ አልታየንም። አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር ደግሞ አለ። ጋሽ ይድነቃቸውን የምናነሳቸው ስንሸነፍ ነው። ቡድናችን ሲሸነፍ፣ ያኔ እኮ እንዲህ ነበርን እንላለን። ስማቸው ያሁኖቹን ልጆች መምቻ ዱላ ሆኗል። ሰው በዚህ መንገድ ሲታወስ ደስ አይለኝም። ደግሞ እሳቸው ራሳቸው ሁለቴ አራት ለባዶ ከተሸነፈ ቡድን ነው የተነሱት። ዛሬ ቢኖሩ ተሸንፎ የወጣን ልጅ ይሰድቡ ነበር? እኔ አይመስለኝም።

ያረፉት ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም ነው፣ የቡሄ ዕለት፣ በ65 ዓመታቸው። ሙት ዓመታቸው በሆያ ሆዬ መሀል ያልፋል። እኔ ደጋፊ ማኅበራቱን የምለምነው ግን ስለ ጥር 13 ነው። ጥምቀት በዋለ በሁለተኛው ቀን ማለት ነው። የጊዮርጊስም ሁኑ የቡና፣ የመቻልም ሁኑ የሌላ ክለብ፣ በዚያ ቀን አሠልጣኙን እናንሳ። ቀኑ የሁላችንም ነው።

ደግሞ ጊዜ የለንም። ያን ቀን ስታዲየም የነበረ የ15 ዓመት ልጅ ዛሬ ወደ 80 ገብቷል። እያንዳንዳችሁ ሰፈር አንድ እንዲህ ዓይነት ሰው አይጠፋም። አያታችሁ ሊሆኑ ይችላሉ። ጎረቤት ያሉ ጋሼ ሊሆኑ ይችላሉ። ሂዱና አጠገባቸው ቁጭ በሉ። ጎሎቹን አትጠይቋቸው፤ ጎሎቹ ተጽፈዋል። አሠልጣኙን ጠይቁልኝ። ጋሽ ይድነቃቸው የት ነበር የሚቀመጡት? ይጮሁ ነበር ወይስ ዝም ይሉ ነበር? ልምምድ ላይ ያያቸው አለ? ባዳዊ ሁለተኛዋን ሲያገባ ፊታቸውን ያየ ሰው አለ? በስልካችሁ ቅዱት። ሳል ቢኖርበት፣ የመኪና ድምፅ ቢገባበት ችግር የለም። ላኩልኝ፤ በሚቀጥለው ክፍል ሳልቆርጥ አሰማዋለሁ።