ተክሊሉና የግብር መሥሪያ ቤቱ ቅጽ

ሰላም፦ ጋሽ ዳዊት፣ ባለፈው ሳምንት ሲደውሉልኝ «ሠርግ ሄጄ መጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሐሳቤ አላረፈም» ብለውኝ ነበር። ዛሬ ከዚያው ብንጀምር ደስ ይለኛል።

ዳዊት፦ እሺ ሰላም። የጠራኝ እዚህ ስቶክሆልም ለዓመታት አብሮኝ የሠራ ስዊድናዊ ነው። የሚያገባው ወንድ ሲሆን፣ ጋብቻው የተፈጸመውም በሉተራን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። እኔ በመካነ ኢየሱስ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ጋብቻ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ቃል ኪዳን ነው ብዬ እንደማምን ባልደረባዬ ያውቃል። እያወቀ መጥራቱ ነው እምቢ ማለትን ያከበደብኝ። መጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ገቡ፤ በስዊድን ልማድ ወንድና ሴት ሙሽሮችም የሚገቡት እንደዚያው ነው። ቄሷ ጸለየች፣ ቀለበት አሰሩ፣ መዝሙር ተዘመረ። ሁሉም ወደ ደጅ ሲወጣ እርሷ ጥግ ወዳለችው ጠረጴዛ ሄዳ ቅጽ ስትሞላ አየኋት።

ሰላም፦ ቅጹ የሚላከው ወደ ግብር መሥሪያ ቤት ነው።

ዳዊት፦ (እየሳቁ) ሃያ ዓመት ኖሬ ይህን ሳላውቅ!

ሰላም፦ በስዊድን የሕዝብ መዝገብ የሚይዘው ይኸው መሥሪያ ቤት ነው። ለጋብቻው እንቅፋት አለመኖሩን አስቀድሞ ያጣራል፣ ከሠርጉም በኋላ ጋብቻውን ይመዘግባል። ስለዚህ ቄሷ በአንድ ሰዓት ውስጥ የእግዚአብሔር አገልጋይም የመንግሥት ሹምም ሆና ትቆማለች፤ ለእኔ የክርክሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። ሕጉ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 1 ቀን 2009 ጀምሮ ለተመሳሳይ ጾታ ተጋቢዎች ሲፈቅድ፣ የስዊድን ቤተ ክርስቲያን የማጋባት ሥልጣኑን በእጇ ይዛ ዝም ልትል አልቻለችም። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ሲኖዶሷ ድምፅ ሲሰጥ ከ249 አባላት 176ቱ ደገፉት። ኅሊናው ያልፈቀደለት ቄስ አይገደድም፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ግን ሌላ ቄስ የማቅረብ ግዴታ አለባት። በፈረንሳይ ግን ሰው አስቀድሞ በማዘጋጃ ቤት ካልተጋባ በስተቀር ቄስ ሊያጋባው አይችልም። እኔ የምመርጠው ይህን ነው፤ መንግሥት ዜጎቹን ሁሉ በእኩል ያጋባ፣ ቤተ ክርስቲያንም እንደ እምነቷ ትባርክ ወይም አትባርክ።

ዳዊት፦ ክፍፍሉ የመንግሥትን ጥያቄ ይመልስ ይሆናል። ባልደረባዬ ግን ወረቀት ፈልጎ አልነበረም፤ ወረቀቱን ከማዘጋጃ ቤት በጥቂት ደቂቃ ያገኘው ነበር። በዚያችው ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ከልጅነቱ ጀምሮ ያገለገለ ሰው ነው። አንቺ ያልሽው ሥርዓት ለእርሱ ምን ያደርግለታል?

ሰላም፦ የእኛን ላንሳና ልመልስልዎት። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ተክሊል ለደናግል ነው፤ ሌላው በንስሐና በቁርባን ይጋባል። ስንቱ ምዕመን ግን ይህንንም ሳያደርግ በሰማንያ ተጋብቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ ክርስትና አስነሥቶ ይኖራል! «ተክሊል ተከለከልሁ፣ መብቴ ተነካ» ሲል የሰማሁት የለም፤ ምሥጢር ለሚቀበለው የሚሰጥ እንጂ ተመዝግበው የሚያገኙት አገልግሎት እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ የዜጋውን ጋብቻ እየደገፍሁ፣ ቤተ ክርስቲያኔ ተክሊል ትድፋላቸው ብዬ አልጠይቅም።

ዳዊት፦ ምሳሌሽ ጥሩ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ይሰበራል። በሰማንያ የተጋቡት ባልና ሚስት አንድ ቀን ንስሐ ገብተው፣ ጠጉራቸው ከሸበተም በኋላ ቢሆን፣ አብረው ይቆርባሉ። በሩ ገርበብ ብሎ ይጠብቃቸዋል። ለባልደረባዬ ግን ያንን በር የሚከፍትለት ከባልንጀራው መለየቱ ብቻ ነው። የእኔም እምነት የሚለው ይህንኑ ነው፤ ስለዚህ አንቺን ስሞግት ራሴንም እየሞገትሁ ነው።

ሰላም፦ ለዚህ መልስ የለኝም። ሐሳቤን አልለወጥሁም፤ መልስ ግን የለኝም።

ዳዊት፦ እኔን ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያሳዝነኝ ሌላም ነገር አለ፤ ይቅርታ፣ ከልጅነቴ ሳይሆን እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ ማለቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1866 ምጽዋ የደረሱት ሚሲዮናውያን የመጡት ከዚህ አገር ነው፤ ማኅበራቸውም ዛሬ ድረስ በስዊድን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አለ። መካነ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ2013 በጠቅላላ ጉባኤዋ ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና ከአሜሪካዋ የወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራትን ኅብረት በዚሁ ጉዳይ ምክንያት አቋረጠች። በትምህርቱ ከመካነ ኢየሱስ ጋር ነኝ። ሆኖም እናት ቤት የሚሉት ቤት ሲለይ ለቅሶም ይገባው ነበር፤ እኔ የሰማሁት እልልታውን ብቻ ነው።

ሰላም፦ እልልታው ለምን የበዛ ይመስልዎታል?

ዳዊት፦ በአገራችን ጉዳዩ መከራከሪያ ከመሆኑ በፊት ወንጀል ነው፤ የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 629 ግልጽ ነው። በዚያ ላይ ዝም ያለ ሰው የደገፈ ስለሚመስል፣ ሁሉም ድምፁን ከፍ ያደርጋል። እኔስ ብሆን? ከሠርጉ ማግስት እኅቴ ከአዲስ አበባ ደወለች። «ፎቶህን አየሁት፣ ሱፍ ለብሰህ አምሮብሃል፤ የማን ሠርግ ነው?» አለችኝ።

ሰላም፦ ምን አሏት?

ዳዊት፦ «የሥራ ባልደረባዬ» አልኋት። «ሙሽራዋስ ቆንጆ ናት?» ስትለኝ ኔትወርኩ ተቆራረጠ።

ሰላም፦ እውነት ተቆራርጦ ነው?

ዳዊት፦ ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።